የካቲት ሃያ የሚሞላው ዲስክ

ሰኞ፣ ኅዳር 17። ጠዋት።

ሰርቨሩ ደህና አድሯል። መብራት ሌሊት ሁለቴ ሄዶ ነበር፤ ባትሪው ተሸክሞታል። ዲስኩ ግማሹን አለፍ ብሏል። እንደ ወትሮው የዛሬውን ቁጥር ግራፌ ላይ አስገብቼ ለሻይ ልወጣ ስል አቶ ጌታቸው ጠሩኝ። (አስተባባሪያችን ናቸው። ካሁን በኋላ አቶ ጌ. ብዬ ነው የምጽፈው።) እጃቸው ላይ ከደሴ የመጣ ወረቀት። ዋናው ቢሮ ያለው ኢንጂነር የመሬት ምዝገባ ፕሮጀክታችንን የሁለት ጣቢያዎች፣ የእኛንና የኩታበርን፣ የዲስክ ፍላጎት አስልቶ ልኳል። ውጤት፦ ሁለቱም ጋ ያለው ለሁለት ዓመት ይበቃል። አዲስ አያስፈልግም።

እንዴት እንዳሰላው አየሁ። የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን ዕድገት ደምሮ፣ ለሦስት አካፍሎ፣ ወደፊት አባዝቶታል። ክረምቱን! ማስታወሻዬ፣ በሳቅ ልሞት። በክረምት የይዞታ ደብተሩን ይዞ መካነ ሰላም ድረስ የሚመጣ ገበሬ ማን ነው? መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ እርሻ ላይ። ሙሉ የምትባለው የስካነር ሠራተኛችን ክረምቱን ሹራብ ስትሠራ ነው የከረመችው።

ሳቁ አልፎ ንዴቱ መጣ። አምና የካቲት የድሮው ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ ቀጥ አለ። ገና መቀጠሬ ነበር። ከከላላ በኩል በበቅሎ የመጡ ሰዎች መስኮቴ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ደብተራቸው ስካን ተደርጎ እንዲመዘገብላቸው። ሲስተም የለም አልኳቸው። አንዲት እናት አልተቆጡም፤ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያቅልላችሁ» ብለው በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኔ መስኮት ዳግመኛ ሲስተም የለም አይባልም። የራሴን ትንበያ እሠራለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 19።

ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። የተመዘገቡት ደብተሮች ብዛት እንደጠበቅኩት ነው፤ የበሉት ቦታ ግን እጥፍ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም በቀለም፣ ሁሉም በትልቁ ጥራት። መመሪያው ጥቁርና ነጭ ይላል።

ሙሉን ጠየቅኳት። ምንም አልደበቀችም። ነገሩ የጀመረው ከአያ ሰይድ ነው፤ የቀበሌያቸው የመሬት ኮሚቴ ናቸው፣ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው። ሙሉ ስካን ያደረገችውን በስክሪን ስታሳያቸው ማህተሙ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ማህተም ሰማያዊ ነው፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ የሌላ ሰው ደብተር ነው አሏት። ብታስረዳ ብትለምን እሺ አላሉም። በቀለም አነሳችላቸው፤ ሰማያዊውን አዩት፤ ወላሂ አሁን ገና የኔ ሆነ ብለው መረቋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣ ሁሉ ሰማያዊውን ሳያይ አይሄድም። ሙሉም ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷት ሁሉንም በቀለም ታነሳለች።

ልቆጣት ነበር። አልቻልኩም። ትንበያዬ ላይ «ሰማያዊ ማህተም» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። የትኛው መጽሐፍ ነው ይህን የሚያስተምረው? ዩኒቨርሲቲ አልነገሩኝም።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5። ከሥራ በኋላ።

ጨረስኩ! ጨረስኩ!

እንዲህ ነው ያየሁት። ውቂያው እስኪያልቅ ሰው ትንሽ ይመጣል። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው፤ አባት ለሚያገባው ልጁ መሬት ያካፍላል፣ አንዱ ደብተር ሁለት ወይ ሦስት ይሆናል። በዚያ ላይ ዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤት። ልጅቷ ጅዳ፣ ልጁ ሪያድ፤ ውክልናው በዐረብኛና በአማርኛ፣ ገጹ ብዙ፣ ማህተሙ ብዙ። የአንድ ቤተሰብ ፋይል የሦስት ቤተሰብ ያህላል። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ ወንድሜ ኩዌት ነው፣ የእሱን ውክልና ራሴ ነኝ ያስመዘገብኩት።

ወራቱን በየክብደታቸው አስቀመጥኳቸው። መስመሩ እስከ ጥር አጋማሽ ይተኛል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከዲስኩ ጣሪያ ጋር የሚገናኘው የካቲት 20።

አትሜ፣ ፈርሜ ለአቶ ጌ. ሰጠኋቸው። ብዙ ቆይተው አነበቡት። ቀን ባልጽፍ ይሻል እንደነበር ነገሩኝ። «በቅርቡ» ማለት በቂ ነው፤ ቀን የጻፈ ሰው ግምገማ ላይ በዚያው ቀን ይያዛል። እኔ ደግሞ ቀን የሌለው ትንበያ ምኞት ነው አልኳቸው። አፌ አያርፍም። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ፊርማቸውንም ከፊርማዬ ሥር አኖሩ። እሱን አልጠበቅኩም ነበር።

ኮርቻለሁ። ማን ያየኛል፣ እዚህ ልጻፈው፦ ኮርቻለሁ።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16።

ኢንጂነሩ ደወለ። አልናቀኝም፣ ግን አላመነኝም። የካቲት 20 ከየት መጣ አለ፤ ነገርኩት። ሠርጉንም ውቂያውንም ዘረዘርኩለት። ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ብትመልሱት ችግሩ ያልቃል፣ ዲስክ አያስፈልግም አለኝ። በሒሳብ ትክክል ነው። ውስጤ እየነደደ ልሞክር አልኩት።

አያ ሰይድ ዛሬ በሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር። የራሳቸውን ደብተር በጥቁርና ነጭ አሳየኋቸው። ተነስተው ቆሙ። ማን ሰረዘብኝ? ብለው ጮኹ። እንዳልተሰረዘ ለማሳመን ዋናውን በቀለም ከፍቼ፣ ውሃ ሰጥቼ፣ ሙሉም አብራኝ ምላ ነው የተረጋጉት። እኚያ ሰው ከመሬታቸው ሌላ ምን አላቸው? ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቅኳቸውም።

ለደሴ መልስ ጻፍኩ፦ አይሆንም። ሰማያዊው ይቆያል። ዲስክ ላኩ።


ሐሙስ፣ ጥር 2።

ደስ አይልም። ሰው የለም። ውቂያው ዘግይቷል፤ ገናውም አለፈ፣ መስኮቱ ባዶ። ግራፉ ካሰመርኩት በታች ተኝቷል። ሙሉ ሹራቧን አውጥታለች።

የአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ አንዱ ስሜ ላይ ወሩን ቀጥሎ «ሐያት የካቲት» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን አረረ። ብሳሳትስ? አቶ ጌ. ፈርመውልኛል። የእኔን ተዪው፣ የእሳቸው ስም ከስሜ ሥር ተቀምጧል።


ሰኞ፣ ጥር 13።

መጡ!

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ገና ቢሮ ሳልከፍት ሰልፉ እስከ መንገዱ። ሙሽራ ከነአባቱ፣ አጎቶች፣ ውክልና በፌስታል የቋጠሩ እናቶች፣ ከጎን በቅሎዎች። አንዱ አባት ለሦስት ልጆቹ በአንድ ቀን አካፈለ። ሙሉ ሹራቧን የት እንዳኖረችው እንኳ አታስታውስም። እስካመሻሽ ድረስ ሠራን። ስወጣ ግራፉን አየሁ፤ ዛሬ ብቻ ያለፈውን ሁለት ሳምንት ያህል ነው የተነሳው።

አቶ ጌ. ከኋላዬ ቆመው አዩት። ሻይ አስመጡልኝ፤ እሳቸው ለማንም ሻይ አስመጥተው አያውቁም።


ዓርብ፣ ጥር 24።

መስመሩ መስመሬ ላይ ነው። ልክ በላዩ። ሁለቱን መለየት ያቅታል። ሐያት የካቲት ያለኝ ልጅ ዛሬ ወንበር ስቦልኛል።

ከደሴ ስልክ። ግራፌን ልከንላቸው ነበር፤ ኢንጂነሩ አምኗል። በመጋዘን ያለው ግን አንድ ዲስክ ብቻ ነው፣ የሚቀጥለው ግዢ ሚያዝያ ነው የሚደርሰው። ረቡዕ ስብሰባ። እኛ ከነማስረጃችን እንድንመጣ፤ ኩታበርም ለደንቡ ተጠርቷል፣ እነሱ ችግር የለብንም ብለዋል። አቶ ጌ. ዲስኩ እጃችን የገባ ያህል ነው፣ ይዘነው እንመለሳለን ብለው ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ነገሩ። ዘበኛው ሳይቀር እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

አዲሱን ቀሚሴን ነው የምለብሰው።


ረቡዕ፣ ጥር 29። ደሴ፣ አልጋ የያዝኩበት ቤት።

ማስታወሻዬ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ጠዋት አቀረብኩ። ግራፉን በግድግዳው ላይ ሳሳይ ኢንጂነሩ ራሱ ተነስቶ ክረምትን ለበጋ መለኪያ ማድረጉ ስህተት እንደነበር ተናገረ። ሰው እንዲህ ሲል ያኮራል፣ እሱንም እኔንም። ውሳኔው ለከሰዓት ተባለ።

ሻይ ላይ ከኩታበሩ ልጅ ጋር ተቀመጥኩ። ይመር ይባላል። ጨዋ ነው፣ ብዙ አያወራም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጎርርበት ነበር። እስኪ የናንተን ላስላልህ አልኩት። ውቂያችሁ መቼ አለቀ? ታኅሣሥ ሳይጋመስ። ሠርጉ? ከገና ማግስት ጀምሮ። ዐረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት አለ? ሳቀ። ማህተም በቀለም ነው የምታነሱት? ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ቀን። ዲስካችሁ ስንት ነው? ነገረኝ፤ የእኛን ግማሽ ነው። ባክአፑንም እዚያው ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

በሶፍት ወረቀት ላይ አሰላሁ። የካቲት 8።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። እንድሳሳት ፈልጌ ሦስተኛ ሠራሁት። የካቲት 8። የእኛ 20፣ የእነሱ 8። ይመር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የክረምቱን ስሌት አምኖ ተቀምጧል፤ ሻዩን ያማስላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።

ወረቀቱን ጨብጬ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ዝም ልበል? ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኛል። አቶ ጌ. የሚጭኑበትን ካርቶን እንኳ አዘጋጅተዋል። የእኛም መስኮት ላይ ሰው አለ፤ የእኛም ይሞላል። ግን ያንን ግራፍ ግድግዳ ላይ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለራሴ ሲሆን እውነት፣ ለኩታበር ሲሆን ዝም የሚል ስሌት ምን ስሌት ነው? እንደ እኚያ «አብሽሪ» እንዳሉኝ ያሉ እናቶች ኩታበርም አሉ። ይመር መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲስተም የለም ሲል ታየኝ።

እጄን አወጣሁ። ዲስኩ ለኩታበር ይሁን አልኩ፣ ምክንያቱን አስረዳሁ። አቶ ጌ. ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ፤ ቀጠልኩ። ይመር አፉን ከፍቶ ቀረ። ኢንጂነሩ ስሌቱን አራተኛ ጊዜ ሠራ። የካቲት 8።

ተወሰነ። ለኩታበር።


ሐሙስ፣ ጥር 30። ማታ።

ከደሴ ወጥተን ጉጉፍቱ እስክንደርስ አቶ ጌ. ፊታቸውን ወደ መኪናው መስኮት እንዳዞሩ ነበር። ብርዱ ሌላ፣ ኩርፊያቸው ሌላ። አቀስታ ምሳ ላይ ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝና ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ምን እንደምል ጠየቁኝ። እውነቱን እላለሁ አልኳቸው። ልጄ ብትሆኚ ኖሮ እመታሽ ነበር አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ልጄ ብትሆኚ ኖሮ ለሰው ሁሉ አወራሽ ነበር አሉ። እንባዬን በበርበሬው አሳበብኩ።

አሁን ግን ፍርሃት ነው። የካቲት 20ን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ትክክል እንደሆነ ማንም ከእኔ በላይ አያውቅም። ግዢው ሚያዝያ። በመሃል ያለው ሰው ሁሉ የት ይሂድ?


ማክሰኞ፣ የካቲት 5።

አያ ሰይድን አስጠራኋቸው። ታኅሣሥ ላይ ያልጠየቅኳቸውን ነገር ልጠይቃቸው። ያኔ ንዴት ላይ ነበርኩ፤ ለኢንጂነሩ አይሆንም ማለት ስለፈለግኩ ወደፊት አልሄድኩም።

አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፤ ደብተራቸውን በስክሪን ገጽ በገጽ ከፈትኩላቸው። አያ ሰይድ፣ አንቱ የእኔ ነው የሚሉት የትኛውን ሲያዩ ነው አልኳቸው። ጣታቸውን ፎቶና ማህተም ያለበት ገጽ ላይ አሳረፉ። ይሄን። ንድፉስ? የአዋሳኝ ስም ያለበትስ? እሱ ጽሑፍ ነው፣ ጥቁርም ቢሆን ያው ነው አሉ። ውክልናስ? ማህተም ያረፈበት ገጽ ሰማያዊ ይሁን፤ የቀረው ይቅር። አብዛኛው ገጽ ማህተም የለበትም፣ ማስታወሻዬ! አብዛኛው!

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ። እናንተ ብትነግሩት ሰዉ አያምናችሁም አሉ። ጧት እኔ ራሴ ሰልፉ መሃል ቆሜ እነግረዋለሁ። አላህ ይስጥልኝ አልኳቸው። «ምን ታመሰግኚኛለሽ፣ መሬቱ የኛ አይደል!» አሉኝ።

ሙሉ ስካነሯን በሁለት መንገድ አዘጋጀች፤ ማህተም ያለው በቀለም፣ የሌለው በጥቁርና ነጭ። እስካሁን በቀለም የተነሱትንም ማህተም የለሽ ገጾች ቀስ በቀስ እንቀይራለን፤ አንድም ገጽ ሳይጠፋ፣ እያንዳንዱን ሁለታችን አይተን። አቶ ጌ. ሁለት ልጆች ከመዝገብ ቤት ሰጡን።

የገዛ ትንበያዬን ውሸት ላደርገው ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 20። ምሳ ሰዓት።

ዛሬ ነው። ሰርቨሩን የከፈትኩት ቁልፉን ሳልሰቅል ነው።

አልሞላም። አልሞላም! ከአራት አንዱ ባዶ ነው። አሁን ያለውን ፍጥነት፣ ጾሙን፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሠርግ ሁሉ አስገብቼ ደግሜ አሰላሁ፤ ግንቦትን ይሻገራል። ግዢው ቢዘገይ እንኳ ያወጣናል።

አቶ ጌ. ቀኑን አልረሱትም። በሩ ላይ ቆመው፣ እንግዲህ ቀኑ ደርሷል፣ ተሳስተሻል አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ። ቀጥለውም ግምገማ ላይ ጉድሽ ይፈላል አሉ። ሙሉ እልል አለች፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት፣ ሙሽራ ያለ መስሏቸው።

ይመር ደወለ። አዲሱ ዲስክ ገብቶ እየሠራ ነው። አሮጌው ብቻ ቢሆን ኖሮ የካቲት 9 ይቆም ነበር አለ። በአንድ ቀን ስተሻል ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ቀልዱን ተወና፣ ያን ቀን መስኮቴ ላይ የነበረውን ሰው ብታዪው አለኝ።

ኩታበር ላይ ልክ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ ስቻለሁ። በየትኛው ይበልጥ እንደምኮራ ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት፤ እርግጡን ነው የምነግርሽ፣ በ

ቆይ፣ መስኮቱ እየተንኳኳ ነው። ከከላላ በኩል የመጡ ናቸው፣ በቅሏቸውን እያሰሩ